በራሳችሁ መኪና ሞያሌን ልትሻገሩ ካሰባችሁ መጀመሪያ ላጋር ውረዱ

ከናይሮቢ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት አልፏል። ይሄን ጽሁፍ ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ። ትናንት አንድ ወዳጄ «መኪናህን ይዘህ እንዴት ወጣህ?» ሲለኝ ግን አፈርኩ። ያወጡኝ ላጋር አካባቢ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ከፋይል ክምር ጀርባ የሚቀመጡ ትራንዚተር፣ ማለትም የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ ናቸው። ስሜን እንዳትጽፍ ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

ከእሳቸው በፊት አንድ ደላላ ይዤ ነበር። ቀብድ በላ፣ ስልኩን ዘጋ። እሱን እንለፈው።

ጋሼ ጋ የገባሁት ወረቀቴን በፌስታል ጠቅልዬ ነው። ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ፓስፖርት፣ ሁሉም አለ። «ቢጫ ካርድስ?» አሉኝ። ኮራ ብዬ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዴን ዘረጋሁላቸው። ሳቁ። «ይሄ ያንተ ነው ልጄ። የመኪናዋስ?»

ለካ ቢጫ ካርድ ሁለት ነው። አንዱ ለሰውየው፣ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ የሚወሰደው ክትባት። ሌላው ለመኪናው፣ የኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ የሚባለው ኢንሹራንስ። እዚህ በየዓመቱ የምንገዛው ሦስተኛ ወገን ከድንበር ወዲያ አይሠራም። የኮሜሳውን ግን ከኢንሹራንስ ድርጅቶች እዚሁ አዲስ አበባ ትገዛላችሁ። ኬንያ ውስጥ ሰው ወይም የሰው ንብረት ብትጎዱ እሱ ይሸፍናል። የራሳችሁን መኪና አያሠራም። ይቺን ጋሼ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ነገሩኝ፤ ፊቴ ላይ አልገባኝም የሚል ነገር ሳያዩ አልቀሩም።

ካርዱን አውጥቼ ተመለስኩ። አለቀ ብዬ ነበር። ጋሼ ወረቀቱን አገላብጠው «መኪናዋ የት ናት?» አሉ። ታች ቆማለች። «እንውረድ።» ሊፍቱ አይሠራም፣ ሦስት ፎቅ በእግር ወረድን። ኮፈኑን አስከፈቱኝ። ከኪሳቸው ጨርቅ አውጥተው የሞተር ቁጥሩ ላይ ያለውን አቧራና ዘይት ጠረጉ። እኔ በስልኬ እያበራሁ ቁጥሩን አነባለሁ፣ እሳቸው ወረቀቱ ላይ በጣታቸው ይከተላሉ። መሃል ላይ «ድገመው» አሉኝ።

«ስምንት።»

«ካርድህ ሦስት ይላል።»

ሊብሬው ስምንት፣ ሞተሩም ስምንት፣ ካርዱ ሦስት። ስንት ጊዜ አይቼው አላየሁትም! ላሳርም ስሄድ ካርዱን የጻፈልኝ ልጅ «ማን ያየዋል ብለህ ነው?» አለኝ። ጋሼ ግን አስቀድመው «የሚያየው ሰው ሞያሌ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል፤ ከዚያ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተመልሰህ ትመጣለህ» ብለውኝ ስለነበር ቆሜ አዲስ አጻፍኩ።

መኪናዋ በባለቤቴ ስም ናት። ውክልና ነበረኝ፤ መሸጥ መለወጥ ሁሉንም ይላል፣ ከአገር ይዞ መውጣትን ግን አይልም። እሱንም ያዩት እሳቸው ናቸው። አዲስ ውክልና፣ የእንግሊዝኛ ትርጉም፣ የውጭ ጉዳይ ማኅተም፣ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እርስዎ ይጨርሱልኝ፣ እከፍላለሁ ብላቸው ተቆጡ። «አንተ የምትችለውን ወረፋ እኔ ይዤ ላስከፍልህ?» የተከፈላቸው የጉምሩኩን የጊዜያዊ መውጫ ሥራ ለጨረሱበት ብቻ ነው። መኪናው ለጊዜው ወጥቶ እንደሚመለስ ካልተመዘገበ፣ መመለሻው ላይ ቀረጥ እንደሚጠየቅበት አዲስ ዕቃ ሊታይ ይችላል።

ሞያሌ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ የጋራ ድንበር ጣቢያ አለ። የኢትዮጵያና የኬንያ ሠራተኞች አንድ ጣሪያ ስር ይሠራሉ፣ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት የለም። ኬንያዊው መኮንን ወረቀቱን አየና ኮፈኑን ክፈት አለኝ። ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ከካርዱ ጋር አስተያየ። እኔና ባለቤቴ ተያየን። የጊዜያዊ ማስገቢያ ፈቃዱን ሰጠንና አለፍን።

ከዚያ በኋላ መንዳት በግራ ነው። ድንበሩ ላይ ሁሉም ሰው ነቅቶ ስለሚነዳ ችግር የለም። ጉዱ ነዳጅ ቀድታችሁ ወደ መንገድ ስትመለሱ ነው፤ እጅ በለመደው ወደ ቀኝ ይወስዳል። እኔንም ማርሳቢት ላይ ይወስደኝ ነበር፣ ባለቤቴ «ግራ! ግራ!» ባትል ኖሮ። ጋሼ በማታ እንዳትነዳ ያሉኝም አለምክንያት አይደለም። የእኛ አገር መኪና የፊት መብራት ወደ ቀኝ ዳር ስለሚያበራ፣ እዚያ የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይመታል።

ከኬንያም አልፋችሁ እስከ ኬፕታውን የምትመኙ ካላችሁ ስለ ካርኔ ጠይቋቸው። የመኪና ፓስፖርት በሉት። እያንዳንዱ ገጽ ሦስት ክፍል አለው፦ ስትገቡ አንዱ ይቀደዳል፣ ስትወጡ ሌላው ይቀደዳል፣ ቀሪው ማኅተሙን ይዞ ደብተሩ ላይ ይቀራል። የመውጫ ማኅተም ከጎደለ ለዋስትና ያስያዛችሁት ገንዘብ ላይ ጣጣ ይመጣል። ለእኔ ባያስፈልገኝም አንድ ያለቀ ደብተር ከመሳቢያ አውጥተው አሳይተውኛል።

ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፣ ፈቅደዋል። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ብዙ ጊዜ ጉምሩክ ናቸው። የሊብሬውን ኮፒ ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ኦሪጅናሉን ሳያዩ ወሬ አይጀምሩም። መኪናዋንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ኮፈን ማስከፈታቸው አይቀርም።

ስመለስ የኬሪቾ ሻይ ቅጠል ይዤላቸው ሄድኩ። ፓኬቱን አገላብጠው አዩትና «ቡና አምጥተህ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ደረጃ ነበር የምወረውርህ» አሉኝ።