ምስጋና ለከሰል ማንደጃ ንጣፍ ሠሪው ጋሼ፣ ጥቆማ ደግሞ ቤታቸው ቡና ለሚያፈሉ ሁሉ

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ውስጥ ላሜራ እየቆረጡ፣ ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) እየበየዱ ለከሰል ማንደጃ የእሳት መከላከያ ንጣፍ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። ሰው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እኛም እንደዚያው እንበላቸው። ወጥ ቤት ለምንገጥምና የኤሌክትሪክ መስመር ለምንዘረጋ ባለሙያዎች ሥራቸው ብዙ ጭንቀት አቅልሎልናል፤ እጃቸው ይባረክ። በአደባባይ የምናመሰግናቸው ንጣፍ ገዢ ምን ማየት እንዳለበት ከሳቸው ሥራ ላይ እያሳየን ለመጠቆም እንዲመቸን ነው።

አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቄጠማው ነው። እርጥብ ቄጠማ ላይ ፍም ቢወድቅ ጭሶ ይቀራል። አሁን በየሳሎኑ የሚነጠፈው የፕላስቲክ ቄጠማ ግን መጀመሪያ ይቀልጣል፣ ቀጥሎ ይነድዳል፣ እየነደደ ሲንጠባጠብ ደግሞ እሳቱን ወደ ምንጣፉና ወደ ሶፋው ይወስደዋል። ከሰል ሲራገብ እንደሚፈነጥር ያፈላ ሁሉ ያውቃል። ጋሼም ቄጠማው ከማንደጃው አንድ ሜትር ይራቅ ሳይሉ ንጣፍ አያስረክቡም።

ሙቀቱን በቁጥር ካየነው የነደደ ከሰል ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ወለል ላይ የምናነጥፈው ፕላስቲክ 80 ዲግሪ ገደማ ላይ መለስለስ ይጀምራል። እንጨት ለመቀጣጠል ከ250 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ነገር ግን በየቀኑ ሲሞቅ የከረመ ፓርኬ ውስጥ ውስጡን እየከሰለ ይሄድና ከዚያ ባነሰ ሙቀት ሊያያዝ ይችላል። «ዓመት ሙሉ ምንም አልሆነም» ማለት ለእንጨት ወለል ዋስትና የማይሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ሥራቸውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ጥቁር ላሜራ አለ፤ የተፈነጠረ ፍም ተንከባሎ እንዳይወርድ አራቱም ጠርዙ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ታጥፏል። ከላሜራው ሥር 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካልሲየም ሲሊኬት ቦርድ ይገባል። ነጭ ነው፣ ቀላል ነው፣ በመጋዝ ሲቆረጥ እንደ ጠመኔ ይበናል፤ የማያቋርጥ ሙቀት ይችላል፣ አይነድም። በማጣበቂያ አይለጠፍም፤ ማጣበቂያ ሲሞቅ ይሸታል፣ ይለቃልም። የሚይዘው ከሥሩ የተበየደው የብረት ክፈፍ ነው። ከክፈፉ በታች ደግሞ 20 በ20 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ የተሠሩ አራት እግሮች አሉ፤ ቁመታቸው 3 ሳንቲ ሜትር ነው።

ገዢው ትርፍ ነገር የሚመስለው ይህ 3 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዋናው ሥራ ግን ያለው እዚያ ነው። ቦርዱ ሙቀትን ያዘገያል እንጂ ውጦ አያስቀረውም። ከአቦል እስከ በረካ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ሙቀቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ከሥር የሚያልፍ አየር ካለ ጠርጎ ያወጣዋል። አየር ከሌለ ወለሉ ይበላዋል። ንጣፉ እንዳይነቃነቅ ብሎ ከሥሩ ጨርቅ ወይም ካርቶን የሚወሽቅ ሰው አለ፤ የሚያነድ ነገር ከመጨመሩም በላይ የአየሩን መንገድ ዘጋው ማለት ነው። ከተነቃነቀ ጋሼ እግሩን ያስተካክሉላችኋል፣ ለዚህም አያስከፍሉም።

ስፋቱን በተመለከተ፣ ማንደጃው 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ንጣፉ 60 በ60 ይሁን፤ በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ላቀች እንደሚባለው ከሰል ቆጣቢ ማንደጃ የአመድ በር ያለው ከሆነ ግን ፍሙ የሚወድቀው በበሩ በኩል ስለሆነ በዚያ ወገን 15 ጨምሩ፣ 60 በ75 ይሆናል። ላዩን ቀለም እንዳታስቀቡት፤ ተራ ቀለም ሲሞቅ ይጨሳል፣ ሽታውም የቡናውን መዓዛ ያጠፋል።

ሱቅ ውስጥ «እሳት አይነካውም» እየተባለ ስለሚሸጠውም ጥቂት እንበል። የሲሊኮን ምንጣፍ ከ230 እስከ 250 ዲግሪ ድረስ ነው የሚያገለግለው፤ ለትኩስ ድስት ማስቀመጫ ጥሩ ነው፣ ለፍም ግን አይሆንም። ከመስታወት ክር የተሸመነው ብልጭታ ይመልሳል፤ ብቻውን ማንደጃ ሥር ሲነጠፍ ግን ስስ ስለሆነ ሙቀቱን ወደ ወለሉ ያሳልፋል። የሴራሚክ ፋይበር ብርድ ልብስ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይችላል፤ ሆኖም ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ በላሜራ ሳይታሸግ ቤት አይግባ። አሮጌ የአስቤስቶስ ቆርቆሮ ቆርጦ ማንጠፍ ጨርሶ አይሞከርም። አንድ የወለል ሴራሚክ አምጥቶ ማንደጃውን እላዩ ማስቀመጥም የተለመደ ነው፤ ሴራሚክ አይነድም፣ ሙቀት ግን ያስተላልፋል፣ ባንድ ጎኑ ሲግል ደግሞ ይሰነጠቃል።

ሻጩን ከመስማት ከጠርዙ ትንሽ ክር መዝዛችሁ ውጭ አውጥታችሁ ክብሪት አስጠጉበት። የመስታወት ክር ይግላል እንጂ አይነድም። ፖሊስተር ከሆነ ወዲያው ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጥቁር እንክብል ይሠራል። ሲሊኮን ሲቃጠል ነጭ አመድ ይተዋል። አንዲት ክር ብዙ ትናገራለች።

ቤት ካመጣችሁት በኋላም አንድ ፍተሻ አለ፤ ይህን ያስተማሩን ጋሼ ናቸው። በቆርቆሮ ክዳን ላይ ቁራጭ ሻማ አድርጋችሁ ከንጣፉ ሥር፣ መሐል ላይ አስቀምጡ። ማንደጃውን እንደ ልማዳችሁ አንድዳችሁ ቡናው እስከ በረካ እስኪያልቅ ጠብቁ። የተለመደው ሻማ ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ውስጥ ስለሚቀልጥ፣ ሻማው ቅርፁን ካልለቀቀ ወለላችሁ ደህና ነው። ከለሰለሰ እግሩ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ መልሳችሁ ውሰዱላቸው።

ቦርዱ ውኃ ይጠጣል። ጀበና ገንፍሎ ከፈሰሰበት ወይም ንጣፉን ዘፍዝፎ ያጠበ ሰው ካለ፣ ሳይደርቅ ሲግል እንፋሎቱ ይሰነጥቀዋል። በእርጥብ ጨርቅ መወልወል በቂ ነው። አመዱም ቢሆን ላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ ረመጥ ለብዙ ሰዓት ስለሚቆይ በፌስታልና በፕላስቲክ ባልዲ አይጣል፤ ክዳን ባለው ጣሳ ይደር።

ንጣፍ የማይመልሰውንም እንጠቁም። ከሰል ሲነድ የሚያወጣው ጋዝ መርዝ ነው፤ መስኮት ይከፈት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሶኬት ሲግል ከኋላው እሳት መከላከያ የሚለጥፉ አሉ፤ ይህ በሽታውን መሸፈን ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል፤ ያ የተራ ሶኬት የመጨረሻ አቅም ነው። መድኃኒቱ ከቆጣሪው የሚመጣ የራሱ መስመር፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና 20 አምፔር ብሬከር ነው። ዘይት መጥበሻ ላይ ከተያያዘም ውኃ አይነካውም፤ ምድጃው ይጠፋ፣ በሚገጥም ክዳን ይከደን፣ እስኪቀዘቅዝ ማንም አይክፈተው። ከአቅም በላይ ከሆነ የእሳት አደጋ ስልክ አዲስ አበባ ውስጥ 939 ነው።

ጋሼ ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እናገናኛችኋለን። ስትሄዱ የማንደጃችሁን የታች ስፋት ለክታችሁ፣ የአመድ በሩ በየት በኩል እንደሆነና ወለላችሁ ፓርኬ ይሁን ፕላስቲክ ወይም ሲሚንቶ ነግራችሁ እዘዙ። ሲሚንቶ ከሆነ ቦርዱን ይቀንሱላችኋል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። የበዓል ሰሞን ሥራ ስለሚበዛባቸው ቀደም በሉ።