ለዚያች የሌሊት ተረኛ ሲስተር

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ይህን የምጽፈው አባቴ ጎን ቁጭ ብዬ ነው። እግሩ አለ። ጣቶቹም ይንቀሳቀሳሉ። አልሐምዱሊላህ።

አባቴ 71 ዓመቱ ነው። በነሐሴ ጭቃ ሆጤ አካባቢ አዳልጦት ወደቀና ቅልጥሙ ተሰበረ። መጀመሪያ የወሰድነው ቦታ ስሙ ይቅር። ጄሶ አደረጉለት፣ ኪኒን ሰጡት፣ አስተኙት። ማታ ላይ ሕመሙ ባሰበት። እሱ ደግሞ የሚጮህ ሰው አይደለም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጥርሱን ይነክሳል። ሄጄ ስናገር «ስብራት አይደል እንዴ? ያማል» አሉኝ። ሁለተኛ ስሄድ «ኪኒን ወስደዋል» አሉኝ። ሦስተኛ ስሄድ አንዱ ጭራሽ «ወንድ አይደሉ? ይቻሉት» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። ፈርሜ አወጣሁት፤ የጎረቤት መኪና ለምኜ ሌላ ቦታ ይዤው ሄድኩ።

ሲስተርን ያገኘናት እዚያ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል።

«አባባ፣ ያምዎታል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

እኛ ወሎዬዎች እንዲህ ነን፤ ነፍሳችን ልትወጣ እንኳ አልሐምዱሊላህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ደህና ናቸው» ብሎ ካርዱ ላይ ጽፎ ያልፍ ነበር። እሷ አላለፈችም። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ስንት ይሉታል ብላ ጠየቀችው፤ አልገባውም። ትንሽ አሰበችና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«አባባ፣ የጦሳን ተራራ ያውቁት የለ? ግርጌው ላይ ምንም ሕመም የለም። ጫፉ ላይ ከዚያ የባሰ የለም። እርስዎ የት ደርሰዋል?»

አባቴ ዝም አለ። ቆይቶ «ጫፉ ላይ ነኝ ልጄ» አላት።

እኔ ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ የእግሩን አውራ ጣት ይዛ ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ቀና አደረገችው። ያ የማይጮኸው ሰውዬ ጮኸ። ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ የስብራቱ ብቻ አይደለም» ብላ ሮጣ ሐኪሙን ቀሰቀሰችው። ጄሶው ወዲያው ተሰንጥቆ ተከፈተ። ሐኪሙ ብዙ አስረዳኝ፤ እኔ የገባኝ እግሩ ጄሶው ውስጥ አብጦ ደም መዘዋወሪያ እያጣ እንደነበር ነው። ቢነጋበት እግሩን ልናጣው እንችል ነበር። «ይቻሉት» ተብለን እኮ ልናነጋው ነበር!

ጠንከር ያለ መርፌም ሰጠችው። ከመውጋቷ በፊት ሰዓቷን እያየች ትንፋሹን ቆጠረች። «ሱስ አይሆንበትም?» ብዬ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳት። አልሳቀችብኝም። «ለእንዲህ ያለ ሕመም ተለክቶ ለጥቂት ቀን ሲሰጥ አያሳስብሽ፤ ሕመሙን ታቅፎ ማደሩ ነው የሚጎዳው» አለችኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ተመለሰች። ማን ይመለሳል? እኔ የማውቀው ወግተው ሲሄዱ ነው።

«አብሽሩ አባባ። አሁንስ የት ደረሱ?»

«ወገቡ ጋ ወርጃለሁ።»

ጻፈችው። ከዚያ በኋላም ተረኛ በሆነች ቁጥር ሳያገላብጡት ቀደም ብላ ማስታገሻውን ትሰጠዋለች፤ ከተነሳበት በኋላ መሯሯጥ አትወድም።

እናቴ ከ6 ዓመት በፊት ያረፈችው በሕመም ስትንገላታ ከርማ ነው። እሷም «ደህና ነኝ» ትል ነበር። የት ደረስሽ ብሎ የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ሲስተር ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ «ሥራዬ ነው» አለች። እሺ ብያለሁ። ግን ዘመድ የተሰበረባችሁ፣ ኦፕራሲዮን የሆነባችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የትኛው ክፍል እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ኮምቦልቻ ያላችሁም የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ኑ። ሕመምተኛችሁ «ደህና ነኝ» ቢላችሁም ኑ። ደግሜ እላለሁ፣ ኑ።

አባቴ ዱዓ አድርጎላት አይጠግብም። ትናንት ቡና ተፈልቶ «ያቺን ልጅ ጥሪያት» አለኝ። ተረኛ ናት አልኩት። «እንግዲያው በረካው የሷ ነው» ብሎ አስቀዳላት። ሲኒው ረከቦቱ ላይ እንደተቀዳ ቀዘቀዘ፤ ማንም አልነካውም።