የአያቴ ሳንዋ ቴስተር፦ ከ5 ኮከብ 4

አያቴ ባረፉ በአርባኛው ቀን፣ እንግዳው ተሸኝቶ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ እናቴ የቆዳ ቦርሳቸውን አወጣች። ፒንሳው ለአጎቴ፣ ካቻቢቴዎቹ ለወንድሜ ደረሱ። ለእኔ የተረፈኝ ሳንዋ ዋይ ኤክስ 360 ነው፤ የጃፓን፣ ባለ መርፌ ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ ማለት ነው። ይኸው ስምንት ወር ሠራሁበት። ቴስተር ሊገዛ መርካቶ የሚወርድ ሰው ካለ፣ ከመውረዱ በፊት ይህን ያንብብልኝ።

አባባ፣ አያቴ ማለቴ ነው፣ ዕድሜያቸውን የፈጁት በቴሌ ነው፤ «ቴሌ» ሲሉ ግን ሰምቼ አላውቅም። ሁሌም «ቴሌኮሙኒኬሽን»፣ ሙሉውን። በ2003 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ ኢትዮ ቴሌኮም ሲባል እሳቸው ጡረታ ከወጡ ቆይተው ነበር። ቢሆንም ክረምት ገብቶ የቤት ስልክ ዝም ያለበት የሰፈር ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው። እኔ ቦርሳውን ተሸክሜ እከተላለሁ። ሁለቱን ጫፎች ሁለቱ ሽቦዎች ላይ ይነኩና፣ ዓይናቸው ደህና እያለ እንኳን፣ «ስንት አለሽ?» ብለው እኔን ይጠይቃሉ። መርፌው 48 ቮልት አጠገብ ከቆመ መስመሩ እስከዚያ ድረስ ደህና ነው፤ ጥፋቱን ቤት ውስጥ መፈለግ ነው። ቀጥሎ «እጀታውን አንሺ» ይላሉ፤ መርፌው ወርዶ ከ10 በታች ይቀመጣል። ስልክ ሲጠራ ደግሞ እስከ 90 ቮልት እንደሚመጣ የተማርኩት በጣቴ ነው፤ ሽቦውን ይዤ ሳለሁ አንዷ ጎረቤት ደወለች። አባባ ያን ቀን እራት እስኪቀርብ ሳቁብኝ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። የመርፌ ጥቅሙ ቁጥሩ ላይ አይደለም፣ አካሄዱ ላይ ነው። ባለፈው የእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ አንዴ ይሞቃል አንዴ ይተዋል። ከሶኬት ነቅዬ፣ ቴስተሩን ኦም ላይ፣ ሽቦ ለከረንት ያለውን ተቃውሞ የሚለካበት ላይ አድርጌ፣ የሬዚስታንሱን (የማሞቂያ ሽቦውን) ሁለት ጫፍ ለካሁ። 14 ኦም አካባቢ፤ ለ3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ልክ ነው። ገመዱን ነቅነቅ ሳደርግ ግን መርፌው ዘለለ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ዘለለ። ለካ የላላች ብሎን ናት። በመርፌ ፈንታ ቁጥር በሚያሳየው በዲጂታሉ ቴስተር ብሞክረው ቁጥሮቹ እየተገለባበጡ ግራ አጋቡኝ እንጂ ምንም አልነገሩኝም። ሬዚስታንስ ልንገዛ ነበር፣ ብሎን አጥብቀን እንጀራ ጋገርን።

አሁን ልብ በሉ፤ ይህን ሻጩ አይነግራችሁም። እንዲህ ያለ ባለ መርፌ ቴስተር ኦም ላይ ሲሆን ፖዘቲቩ የሚወጣው በጥቁሩ ገመድ ነው። በዲጂታሉ ቀዩ ነው። ይህን ረስቼ አንድ ምሽት ሙሉ ደህና ዳዮዶችን (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ዕቃዎች ናቸው) «ተበላሽተዋል» እያልኩ ወደ ጎን ስደረድር አመሸሁ። አባባ ነግረውኝ ነበር፤ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ጆሮዬ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ጋ ነበር።

ሌላም ጥፋት ሠርቻለሁ። ማዞሪያው ኦም ላይ እንዳለ ግድግዳ ሶኬት ውስጥ ከተትኩት። ፊውዙ ሄደ። ፊውዝ ባይኖር ምን ይሄድ እንደነበር አላስበውም። «ከትልቁ ጀምረሽ ውረጂ» ይሉ ነበር፤ ለክተው ሲጨርሱም ማዞሪያውን 1,000 ቮልት ላይ መልሰው ነው ቦርሳ የሚያስገቡት። ከተዝካሩ በኋላ ስከፍተው እዚያው 1,000 ላይ ነበር።

ወደ ድክመቶቹ ስንመጣ፣ እንዲህ ያለ ባለ መርፌ ቴስተር ከሚለካው ሰርኪት ላይ ትንሽ ከረንት ይወስዳል። ስለዚህ ስስ የሆነ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ቮልቱን አሳንሶ ያነባል፤ ለዚያ ሥራ ዲጂታሉ ይበልጣል። ሲወድቅ አይወድም። ሁለት ዓይነት የባትሪ ድንጋይ ይፈልጋል፦ ሁለት ትንንሽ፣ በዚያ ላይ ለትልቁ የኦም መለኪያ ባለ 9 ቮልት። ይህች ባለ 9 ቮልት ናት አንዷን ኮከብ ያስቀነሰችው፤ ከሰፈራችን ሱቅ አትገኝም፣ የተገኘች ቀንም አርጅታ ነው።

ኮፒውን አትግዙ። ስሙ ላይ አንድ ፊደል ቀይረው የሚሸጡት አለ፤ ከሩቅ መንታ ወንድሙ ይመስላል። ለማነጻጸር አንድ ገዝቼ ነበር። ገመዶቹ ክር ናቸው፤ ዜሮ ላይ አስተካክዬው ዞር ስል ሸሽቶ አገኘዋለሁ። ስሙን ፊደል በፊደል አንብቡ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ኦም ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፎች አገናኙና መርፌው ዜሮ ላይ ረግቶ መቆሙን እዩ። ሻጩ ከተቆጣ ወደሚቀጥለው ሱቅ። ዋጋ አልጽፍም፤ የዛሬው ለነገ አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር። የጀርባ ክዳኑን ስፈታ ውስጡ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ አገኘሁ፤ ድንጋይ የቀየሩበት ቀን ሁሉ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል፣ ላዩ ሲሞላ ሌላ ፕላስተር እየተደረበ። የመጀመሪያዎቹ የጽሕፈት መኪና የመሰሉ ናቸው። የመጨረሻው፣ «ጥቅምት 2016»፣ እየተንቀጠቀጠ ከመስመሩ ወርዷል። ድንጋዮቹ ግን ውስጥ አልነበሩም። አውጥተው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ቦርሳው ኪስ ውስጥ ለብቻ አስቀምጠዋቸዋል፣ ፈስሰው ቆርቆሮውን እንዳይበሉት።

ለቤት መብራት፣ ለምጣድ፣ ለመኪና ባትሪ፣ ለገመድ ፍለጋ ባለ መርፌውን ግዙ። ለሞባይል ጥገና አይሆናችሁም። የእኔን ለመዋስ አትጠይቁኝ፤ ወንድሜ ጠይቆ ዲጂታሉን ይዞ ሄዷል።