ሃስኪ ወይም ጀርመን ሼፐርድ ያላችሁ፦ የዓመት የውሻ እጥበት «ፓኬጅ» ከመግዛታችሁ በፊት

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ ልጆች ለምነዋችሁ ሃስኪ፣ ጀርመን ሼፐርድ፣ ጎልደን ሪትሪቨር ወይም ፖሜራኒያን ቤት ያስገባችሁ፣ እኔ 946 ዶላር ከፍዬ የተማርኩትን በነጻ ውሰዱት። የውሻ ማጠቢያ ቤቱን ስም አልጽፍም፤ ክርክራችን ገና አላለቀም።

ውሻችን ቡቺ ይባላል፣ የአራት ዓመት ሃስኪ ነው። ፋሲካ ሰሞን ጸጉሩ መርገፍ ሲጀምር ሳሎናችን ባዘቶ ሲነደፍበት የዋለ ቤት መሰለ። የባለቤቴ የበዓል ቀሚስ ላይ፣ ዶሮው ላይ፣ የት የሌለበት አለ! እኔም ልገላገል ብዬ አንድ የውሻ ማጠቢያና ጸጉር ማስተካከያ ቤት ወሰድኩት። ገና ስሜን ስናገር እንግዳ ተቀባይዋ በአማርኛ ሰላም አለችኝ። የቀረውን መገመት አያቅታችሁም። «ወንድምዬ፣ ለአንተ ብዬ ነው። የዓመት ፓኬጅ አለን፣ 12 ጊዜ፣ 780 ዶላር። አንዱ 65 ብቻ መጣ ማለት ነው። በዜል ከላክህ ደግሞ 5 ከመቶ እቀንስልሃለሁ።» (ዜል ከባንክ ሒሳብ ወደ ባንክ ሒሳብ በስልክ የሚላክበት ነው።) 741 ዶላር እዚያው ቆሜ ላክሁ። ውሉን አላነበብኩም። «ወንድምዬ» ያለችኝ ልጅ ፊት ቆሜ ሦስት ገጽ ማገላበጥ ይሉኝታ ያዘኝ።

አሁን ነገሩን ላስረዳ። የእነዚህ ውሾች ጸጉር ድርብ ነው። ከላይ የምናየው ረጅምና ሻካራው ጸጉር ውሃና ፀሐይ ይመልሳል። ከሥሩ ደግሞ እንደ ጥጥ የለሰለሰ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር አለ፤ ብርድ የሚከላከልላቸው እሱ ነው። ይህ የሥር ጸጉር አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ፣ በስፕሪንግና በፎል፣ በብዛት ይረግፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ውሻ ከባለሙያ የሚፈልገው ዋናው ሥራ እጥበት አይደለም። የረገፈውን ጸጉር በኃይለኛ የንፋስ ማድረቂያ እያስወጡ፣ ጥርሱ ረዘም ባለ ማበጠሪያ እየጎተቱ፣ በመጨረሻ ሚዶ ቆዳው ድረስ ሳይያዝ እስኪገባ ማበጠር ነው። ለትልቅ ውሻ ሰዓታት ይፈጃል። ባለሙያዎቹ ዲሼድ ይሉታል። የእኔ 65 ዶላር ደግሞ ሻምፖ፣ ማድረቅና ጥፍር መቁረጥ ብቻ ነበር። ሻይ በርካሽ ሸጦ ስኳሩን ለብቻ እንደሚያስከፍል ሰው ማለት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ለዲሼድ 45 ጨመርኩ። በሁለተኛው 45 ለዲሼድ፣ 15 ደግሞ «ጸጉሩ ብዙ ስለሆነ» ተባለ። (ሃስኪ መሆኑን ሲያስፈርሙኝ አይተውት ነበር።) በየጊዜው 20 ዶላር ቲፕ አለ። እስከዚህ ድረስ ተቃጥዬም ቢሆን ዝም ብያለሁ።

ሦስተኛው ቀን ኦገስት ላይ ነበር። ያደረሰችው ባለቤቴ ናት። ከሥራ ስመለስ ቡቺ ከአንገቱ እስከ ጭራው ተላጭቶ፣ ቆዳው እየታየ፣ ሶፋ ሥር ገብቷል። ጭንቅላቱ የሃስኪ፣ ሰውነቱ የሌላ እንስሳ። ልጄ አለቀሰች። አማቴ የመንዝ ሰው ናቸው፤ በቪዲዮ ሲያዩት መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ቀጥለው «ጸጉሩንስ የት አደረሱት? ባና ይወጣው ነበር እኮ» አሉ። ለዚህ መላጨት 40 ዶላር ለብቻ ተከፍሏል።

ስደውል ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ጸጉሩ ተቋጥሮ ነበር። ሁለተኛ፣ ሙቀት ስለሆነ ይቀለዋል። ሁለተኛውን ማንም ቢነግራችሁ አትቀበሉ። ውሻ እንደ እኛ በመላ ሰውነቱ አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው፣ ላብ የሚያወጣው መዳፉ አካባቢ ነው። ሲላጭ ቆዳው ለፀሐይ ቃጠሎ ይጋለጣል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የተላጨው ጸጉር ቶሎ ላይመለስ መቻሉ ነው። ኖቬምበር ደርሶ ጀርባው አልሞላ ሲል የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ከተላጩ በኋላ ጸጉራቸው ለወራት ቆሞ የሚቀር ውሾች እንዳሉ፣ ይህም እንደ ሃስኪ ባሉ ዝርያዎች ላይ የታወቀ መሆኑን፣ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ እንደሚችል ነገረችኝ። የታይሮይድ ችግርም እንዲህ ያደርጋል ብላ ደሙን መረመረች፤ ደህና ነው። 230 ዶላር፣ ከ946ቱ ውስጥ የለም።

ጸጉር በእርግጥ ሊቋጠር ይችላል፤ ቆዳ እየሳበ የሚያቆስል ከሆነም መላጨት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን ከስድስት ሳምንት በፊት እዚያው ዲሼድ የተደረገ፣ ቤት ውስጥ በየሳምንቱ የሚበጠር ውሻ መላ ሰውነቱ እንዴት ተቋጠረ? መልሱን ያገኘሁት ሒሳቡን ስሠራ ነው። ቡቺን በደንብ ማበጠር የሁለት ሦስት ሰዓት ሥራ ነው፣ መላጨት ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ገንዘቡ ቀድሞ ከተከፈለ ደግሞ ሠራተኛው የሚቆጥበው ደቂቃ ሁሉ ለቤቱ ትርፍ ነው። በዚያ ላይ ለመላጨቱ 40 ይጨመርለታል።

ያኔ ውሉን አነበብኩ። ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ፣ ጸጉሩ ተቋጥሮ ከተገኘ ባለቤቱን ሳይጠይቁ መላጨት እንደሚችሉ፣ የተከፈለ ገንዘብ እንደማይመለስ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ያልተጠቀምኩበት እንደሚቃጠል ተጽፏል። ጸጉር ለሌለው ውሻ ዘጠኝ እጥበት ቀርቶኛል። ገንዘቤን ልጠይቅ ስሄድ ያቺው ልጅ «እርስዎ ፈርመዋል» አለችኝ። አንቱታዋን ስሰማ ነገሩ እንዳበቃ ገባኝ።

741፣ 45፣ 60፣ 40፣ የሦስት ቀን ቲፕ 60። ድምሩ 946፣ ለሦስት ጉብኝት። አንዱ 315 ዶላር ገደማ ወጣ።

በዜል መክፈሌ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው። በክሬዲት ካርድ ቢሆን ኖሮ በስምምነቱ መሠረት ያልተሰጠ አገልግሎት ነው ብዬ፣ ክፍያው የወጣበት የመጀመሪያ ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ባንክ በጽሑፍ መከራከር እችል ነበር። በዜል ራሳችሁ ፈቅዳችሁ የላካችሁትን ግን ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም። 5 ከመቶ ቅናሹ የምን ዋጋ እንደነበር አሁን ገብቶኛል። «በሦስት ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል» የሚሏችሁም አሉ፤ ያ የፌደራል ደንብ ቤታችሁ መጥተው ለሚሸጡና ለመሳሰሉት ነው፣ ሱቃቸው ሄዳችሁ ለገዛችሁት አይሠራም። እኔ ለቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታ አስገብቻለሁ። ካልሆነ እስከ 5,000 ዶላር የሚያየው የትንንሽ ክሶች ችሎት አለ፤ እዚያ ያለ ጠበቃ ራስህ ነህ የምትከራከረው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎቻችን አናውቅም፦ ቨርጂኒያ የሰው ጸጉር ለሚቆርጥ ፈቃድ ትጠይቃለች፣ የውሻ ጸጉር ለሚቆርጥ ግን አትጠይቅም። ስለዚህ ሥልጠናውን የት እንደወሰደ መጠየቅ የእናንተ ፋንታ ነው።

በጀቱን በተመለከተ፣ ከዚህ በኋላ ሌሎች ቤቶች ደውዬ የያዝኩት ይህን ነው። ሃስኪ በዓመት 12 ጊዜ መታጠብ አያስፈልገውም፤ ለእኛ አራት ይበቃናል፣ ሁለቱ በሚያራግፍበት ወቅት። ያገኘኋት ባለሙያ ዲሼዱን ጨምራ 130 ትጠይቃለች፣ ከቲፕ ጋር 150፣ በዓመት 600። ጥሩ ብሩሽና የሥር ጸጉር ማውጫ ማበጠሪያ 45 ዶላር ገዛሁ። 645 ለ12 ወር ሲካፈል 54 ገደማ ነው፤ እኔ በወር 55 ለይቼ አስቀምጣለሁ። ልክ ስትደውሉ «ሃስኪ ነው፣ ዲሼዱ ዋጋው ውስጥ አለ ወይ? ሳትደውሉልኝ ትላጩታላችሁ ወይ?» በሉ፤ መልሱንም በቴክስት ይላኩላችሁ። ስትፈርሙ «ያለ እኔ ፈቃድ አይላጭ» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉበት። የሚያኮርፍ ቤት ካጋጠማችሁ ውሻችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አዲሷ ባለሙያ ቡቺን ጃንዋሪ ላይ አይታዋለች። ትከሻው ላይ ረጅሙ ጸጉር ብቅ ብሏል፣ ወገቡ ላይ ግን ገና እንደ ጥጥ ነው። ጀርባውን ዳሰሰችና «አሁን የምሠራለት ነገር የለም፤ እስከ ኤፕሪል እቤት አበጥረው፣ ገንዘብህን አልወስድም» ብላ መለሰችኝ።