ቲቪያችሁ ካልተበላሸ ስማርት ቲቪ አትግዙ

ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ላይ ስንገናኝ ወሬያችን የሚጀምረው በፊልም ነው። አዲሱን ፊልም ማን አየው? ዓለም ሲኒማ ነው ወይስ አምባሳደር የሚታየው? ዩቲዩብ ላይ መቼ ይለቀቃል? አንዷ ተከታታይ ድራማ ካልሆነ አታይም። ሌላው ትርጉም ፊልም ይወዳል። ቶና ላይ ስንደርስ ግን ጥያቄው ወደ እኔ ይዞራል። «ቤቴ ቁጭ ብዬ በደንብ ልይ። ስማርት ቲቪ ልግዛ ወይስ ያንን ቦክስ?»

ባለፉት ሁለት ወራት አራት ሰው ይህንኑ ጠይቆኛል። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

መልሴን መጀመሪያ ላይ ልንገራችሁ። ያላችሁ ቲቪ የሚሠራ ከሆነና ከኋላው የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ካለው ስማርት ቲቪ አትግዙ። ኦርጅናል ቦክስ ግዙ፤ ቦክስ የምላችሁ በኤችዲኤምአይ ከቲቪው ጋር የሚሰካውን፣ ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ የሚከፍተውን ትንሽ መሣሪያ ነው። «ኦርጅናል» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ ዋናው ችግር ያለው እሷ ላይ ነው።

ሒሳቡን እንየው። ባለፈው ወር መርካቶና መገናኛ ዞሬ ጠይቄ ነበር። ለ43 ኢንች ስማርት ቲቪ ከ36,000 እስከ 48,000 ብር ተባልኩ። 32 ኢንቹ ከ20,000 በታች አልወረደልኝም። እኔ ቦክሴን የገዛሁት 8,500 ብር ነው፤ 9,200 ብለውኝ ተከራክሬ ነው የቀነሱልኝ። ልዩነቱ የብዙ ወር የኢንተርኔት ክፍያ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ቲቪም ቦክስም የሚመጣው በዶላር ነው። ተሳስቶ መግዛት ድሮም ያማል፣ አሁን ግን የሁለትና የሦስት ወር ደመወዝ ይዞ ይሄዳል።

የታላቅ ወንድሜን ላውራችሁ። ዓምና 43 ኢንች ስማርት ቲቪ ገዛ። 34,000 ብር። ካርቶኑ ላይ ሁላችንም የምናውቀው ትልቅ ስም ተጽፎበታል። «4ኬ» (በጣም ጥርት ያለ ምስል) የሚል ተለጣፊም አለው። ሱቁ ውስጥ ሲበራ ምስሉ ያምር ነበር፤ ሻጩ በፍላሽ ያስገባው የባሕርና የአበባ ቪዲዮ ነበር የሚታየው። ቤት ገብቶ ዩቲዩብ ሲከፈት መንቀርፈፍ ጀመረ። በአራተኛው ወር ዩቲዩቡ ጭራሽ አልከፍት አለ። በስምንተኛው ወር አንድ ማታ መብራት ሄዶ መጣ፣ ሄዶ መጣ። ከዚያ በኋላ ቲቪው ቀይ መብራቱን ብቻ ያሳያል፣ አይነሳም።

ጥገና ቤት ይዘነው ሄድን። ልጁ ከጀርባ ፈታው። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ውስጡ የትም የለም። ቦርዱ ስም የሌለው ነው፣ ፓነሉም (ስክሪኑም) 4ኬ አይደለም። «የዚህን ቦርድ በስሙ ብትፈልጉ አታገኙም፤ ተመሳሳይ ፈልጌ ልሞክር» አለን። 11,500 ብር ጠየቀ፣ ያውም ይሠራል ብሎ ቃል ሳይገባ። ወደ ሱቁ ስንመለስ ዋስትናው ስድስት ወር ነበር፣ አልፏል ተባልን። ደረሰኙ ላይ ደግሞ የተጻፈው «ቲቪ 43» ብቻ ነው። ሞዴል የለም፣ ሲሪያል ቁጥር የለም። በምን ይከራከራል?

ያኔ የገባኝ ነገር ይህ ነው። ስማርት ቲቪ ማለት ቲቪና ኮምፒውተር አንድ ላይ ተሰፍተው ማለት ነው። ቲቪው ስምንትና አሥር ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ኮምፒውተሩ ግን በሦስትና በአራት ዓመት ያረጃል፤ አፕሊኬሽኖቹ እየከበዱ ይሄዳሉ፣ እሱ አይታደስም። ቦርዱ ሲቃጠል ደግሞ ሁለቱንም ይዞ ይሞታል። ቦክስ ለብቻው ከሆነ ግን ሲያረጅ እሱን ብቻ ትቀይራላችሁ። ቲቪው ቦታው ላይ ነው።

ቦክሱ ላይ እኔም ተበልቻለሁ። የመጀመሪያው ቦክሴ 3,200 ብር ነበር። ካርቶኑ ላይ «8 ጂቢ ራም፣ 128 ጂቢ፣ 8ኬ» ይላል። ርካሽ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የገዛሁት። ስከፍተው የመጣው ገጽ የታብሌት ገጽ ነው፤ የቲቪ አይደለም። በሪሞቱ ቀስት ብዙው ቦታ ላይ መድረስ አይቻልም፣ ማውስ መሰካት ነበረብኝ። ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል፣ ምስሉም ይቆራረጣል። አንድ ጓደኛዬ የውስጡን መረጃ የሚያነብ አፕሊኬሽን ሲጭንበት ራሙ 2 ጂቢ፣ ማስቀመጫው 16 ጂቢ ሆኖ ተገኘ። ሴቲንጉ ላይ ግን 8 እና 128 ብሎ ያሳያል። ቁጥሩን እንዲዋሽ አድርገው ነው የሠሩት።

ሌላም አለ። ኔትፍሊክስ ያልተፈቀደለት መሣሪያ ላይ ጥራቱን ወደ 480 ያወርደዋል። ለጥራቱ ብትከፍሉም ትልቅ ስክሪን ላይ የምታዩት ድፍርስ ምስል ነው። ከዚህ የሚብሰው የደኅንነቱ ጉዳይ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ «ቲ95» ተብሎ በሚሸጥ ርካሽ ቦክስ ውስጥ ከመነሻው የተጫነ ቫይረስ ተገኝቷል። በ2025 ደግሞ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ስለ እንዲህ ዓይነት ቦክሶች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ቫይረሱ ውስጡ አለ ማለት ነው። የቤታችሁ ዋይፋይ ላይ ስልካችሁ አለ፤ ስልካችሁ ላይ ቴሌብር አለ። እኔ ያንን ቦክስ ነቅዬ አስቀምጬዋለሁ። ልሽጠው ብል ሌላ ሰው ላይ ነው የሚደርሰው።

ታዲያ ኦርጅናሉን በምን እናውቀዋለን? በጣም የረዳኝ ምልክት ይህ ነው፦ እውነተኛው ቁጥሩ ትንሽ ነው። ለምሳሌ የሻኦሚ ቲቪ ቦክስ ኤስ ሁለተኛው ትውልድ 2 ጂቢ ራምና 8 ጂቢ ማስቀመጫ ነው ያለው፤ ካርቶኑም ይህንኑ ይላል። ጎኑ ላይ ባለ 8 ጂቢ ራም ቦክስ በግማሽ ዋጋ ተቀምጦ ስታዩት ልብ ይከጅላል። አትንኩት። ሲከፈት ጎግል ቲቪ ወይም አንድሮይድ ቲቪ ብሎ፣ በሪሞት ብቻ የሚነዳ የቲቪ ገጽ መምጣት አለበት። የሻኦሚውንም ፎርጅድ ስለሚሠሩት ካርቶኑን ብቻ አይታችሁ እንዳትከፍሉ። ሱቁ ውስጥ ይከፈት። በስልካችሁ ዋይፋይ ልቀቁለት፣ ዩቲዩብ ይከፈት፣ አሥር ደቂቃ ይጫወት። «ካርቶኑ ከተከፈተ አይመለስም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደ ቀጣዩ ሱቅ እለፉ።

ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ ደግሞ አንድ ስህተት አለ፤ ሁሉም ሰው ይሠራታል። በተለይ ስቲክ የሚባለውን፣ ትንሿን ዓይነት የገዛ ሰው ኃይል የሚሰጣት ከቲቪው ዩኤስቢ ነው። የብዙ ቲቪ ዩኤስቢ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር አካባቢ ነው። ስቲኳ አንድ አምፔር ትፈልጋለች። ስለዚህ ፊልሙ መሐል ላይ ትጠፋና እንደ አዲስ ትነሳለች። አንዷ ጓደኛዬ «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ብላ ልትመልስ ስትል ነው የደረስኩላት። በስልክ ቻርጀር ሰካነው፣ ተስተካከለ። ምንም ብር አላወጣንም።

አሁን ስለ ኢንተርኔት በግልጽ ልናገር። ቤታችሁ ያልተገደበ ዋይፋይ ከሌለ ቦክስም ስማርት ቲቪም አይጠቅማችሁም። ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚለው በኤችዲ አንድ ሰዓት ማየት እስከ 3 ጂቢ ይበላል። የሁለት ሰዓት ፊልም እስከ 6 ጂቢ ሆነ ማለት ነው። በሞባይል ፓኬጅ ይህ አይገፋም። ዩቲዩብ ላይ የአማርኛ ፊልም ስታዩ ጥራቱን 480 ላይ አድርጉት። 32 ኢንች ቲቪ ላይ ከሦስት ሜትር ርቀት ልዩነቱ ብዙም አይታይም፣ ዳታው ግን በጣም ይቀንሳል።

ዋይፋይ ለሌለው ሰው የምመክረው ዲሹን ነው። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ኢትዮሳት ላይ ናቸው፤ ሳህኑ ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ይዞራል፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። እናቴ ቦክስ ከገባላትም በኋላ ዲሹን አላስነቀለችም፣ ልክ ናት። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዜናው አይቋረጥባትም። ናይልሳት ላይ ያለ ሳህን ካላችሁ ደግሞ ሠራተኛው ሌላ ሳህን ግዙ ቢላችሁ እውነቱን ነው። ሁለቱ ሳተላይቶች በጣም ስለሚራራቁ በአንዱ ሳህን ላይ ሁለተኛ ኤልኤንቢ (ሳህኑ ፊት ያለችውን ምልክት ተቀባይ) መጨመር አይበቃም።

ፊልም በፍላሽ የምታዩ ደግሞ ፍላሹን ፈትሹ። ባለ 128 ጂቢ ተብሎ በ450 ብር የሚሸጠውን ገዝቼ ውስጡ 8 ጂቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ፋይሉ የገባ ይመስላል፣ ስም ይታያል፣ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። ኮምፒውተር ካላችሁ ኤች2ቴስትደብሊው የሚባል ነጻ ፕሮግራም እስከ መጨረሻው ሞልቶ ይፈትሽላችኋል። ከ4 ጂቢ በላይ የሆነ ፊልም አልገባ ካላችሁ ደግሞ ፍላሹ አልተበላሸም፤ ፋት32 ከሚባለው ፎርማት ወደ ኤክስፋት ቀይሩት፣ መጀመሪያ ቲቪያችሁ ኤክስፋት እንደሚያነብ አረጋግጡ። የአገራችንን አዲስ ፊልም ግን ከሲኒማ ተሰርቆ በፍላሽ ሲዞር አትውሰዱ እላለሁ። በቪሲዲ ዘመን ፊልም ሠሪውን ምን ያህል እንደጎዳው አይተናል። ሲኒማ መግባት ካልቻላችሁ ባለቤቶቹ ራሳቸው ዩቲዩብ ላይ እስኪለቁት መጠበቅ ይሻላል።

ጭራሽ ቲቪ የሌለውስ? እሱ ስማርቱን ይግዛ፤ አሁን ገበያው ላይ ስማርት ያልሆነ ማግኘት ራሱ እየከበደ ነው። ግን ለስማርትነቱ ተጨማሪ አትክፈሉ። ለስክሪኑ ክፈሉ። ከፋብሪካው ወኪል ግዙ፣ ሦስትና አራት ሺህ ብር ቢጨምርም። ከጀርባ ያለው ሲሪያል ቁጥርና ሴቲንግ ውስጥ ያለው አንድ መሆኑን አይታችሁ፣ ሞዴሉንና ሲሪያሉን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። «4ኬ» ሲሏችሁ የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ጥቃቅን ጽሑፍ ያለበት ፎቶ ክፈቱበት። ፓነሉ ተራ ከሆነ ፊደሉ ይደፈርሳል። 32 ኢንች ላይ ለ4ኬ ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

ውጭ ያለ ዘመድ ልላክላችሁ ካለም ቦክስ አስልኩ እንጂ ቲቪ አይሁን። ከአሜሪካ የሚመጡ አንዳንድ ቲቪዎች የተሠሩት ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው። ጀርባው ላይ 100-240 ካላለ ሳትሰኩ ተዉት። ከዱባይ የሚመጣው በቮልት አይቸገርም፤ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ሶኬቱ ብቻ ነው አዳፕተር የሚፈልገው። ርካሽ አዳፕተር እየላላ ብልጭታ ስለሚያወጣ ጠበቅ ያለ ፈልጉ።

የገዛችሁት ምንም ይሁን ምን ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ መብራት ሲመጣ ወዲያው የማያስገባ፣ ጥቂት ደቂቃ የሚጠብቅ ስታብላይዘር ይኑራችሁ። የወንድሜን ቲቪ ያድነው ነበር። ሁለተኛ፣ ሴቲንግ ገብታችሁ ባክላይቱን (የስክሪኑን የጀርባ መብራት) ከ100 ወደ 60 አውርዱ። ጥገና ቤት ከሚሄዱት ቲቪዎች ብዙዎቹ «ድምፅ አለ፣ ምስል የለም» የሚባሉት ናቸው፤ የውስጡ ኤልኢዲ መብራት ተቃጥሎ ነው። የእናቴ 32 ኢንች በ2009 ዓ.ም. የተገዛ ነው። ኤልኢዲው አንዴ ተቀይሮለታል፣ 1,800 ብር። የተቃጠለው አንድ መብራት ቢሆንም ሁሉንም አስቀየርን፤ አንዱን ብቻ ስትቀይሩ ሌላውም ቶሎ ሊከተል ይችላል። ፓነሉ ከተሰነጠቀ ግን አታሠሩት፣ ዋጋው ከአዲስ ቲቪ ብዙም አያንስም።

ያለፈው ቅዳሜ የጠየቀችኝ ጓደኛዬ ቲቪዋን ከኋላ ፎቶ አንስታ ልካልኛለች። ሁለት ኤችዲኤምአይ አለው። 40,000 ብር ይዛ ነበር የተነሳችው። ማክሰኞ ከሥራ ስንወጣ አብረን መርካቶ እንሄዳለን። የስልክ ቻርጀርና የሙከራ ፍላሼን ይዤያለሁ፣ የምትከፍለውም ከ9,000 ብር እንዲያልፍ አልፈልግም።