ቴክኖቬሽን ገርልስ በትምህርት ቤት ክበብ ውስጥ ሲፈተሽ

ቴክኖቬሽን ገርልስ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ልጃገረዶች በአካባቢያቸው ያለ ማኅበራዊ ችግር መርጠው፣ ለመፍትሔው መተግበሪያ እንዲሠሩና ሥራውን እንደ ድርጅት እንዲያቅዱት የሚያሠለጥን ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ነው። ታራ ችክሎቭስኪ በመሠረተችው ድርጅት ሥር እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ሲሆን፣ ተሳታፊዎችን ክፍያ አይጠይቅም። ቢበዛ አምስት አባላት ያሉት ቡድን ትምህርቱን በኢንተርኔት ተከታትሎ፣ ሐሳቡንና የቴክኖሎጂውን አሠራር የሚያስረዱ ቪዲዮዎች አዘጋጅቶ ለውድድር ያቀርባል። ይህ ግምገማ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክበብ ውስጥ በአማካሪነት ካየሁት የተነሣ ነው።

መርሐ ግብሩን ከተለመዱት የኮዲንግ (የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ) ሥልጠናዎች የሚለየው፣ ተማሪዎቹ ኮድ ከመጻፋቸው በፊት ችግሩ ያለባቸውን ሰዎች ሄደው እንዲጠይቁ ግድ ማለቱ ነው። ቡድናችን የመረጠው የውሃ ፈረቃን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሐሳብ የፈረቃውን ቀን የሚያስታውስ መተግበሪያ ነበር። ልጆቹ በየሰፈሩ ዞረው ሲጠይቁ ግን አንዲት እናት «ቀኑንማ መች አጣሁት ልጄ፣ ሰዓቱን ንገሪኝ እንጂ» አሏቸው፤ ውሃው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መጥቶ ሳይነጋ ስለሚሄድ፣ ሴትየዋ ጀሪካን ደቅነው እንቅልፍ አጥተው ያድራሉ። ከዚያ በኋላ ዕቅዱ ተቀየረ፤ ውሃ ቀድሞ የደረሰው ጎረቤት አንድ ቁልፍ ሲነካ ሌሎቹ በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲያውቁ ተደረገ። መልእክት የተመረጠው ከተጠየቁት እናቶች ብዙዎቹ ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሚይዙ ነው። ይህን መሰል እርማት ከመማሪያ መጽሐፍ አይገኝም፤ ለእኔ የመርሐ ግብሩ ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

ቡድኑ የተጠቀመበት ኤም አይ ቲ አፕ ኢንቬንተር የትእዛዝ ቁራጮችን እያገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበት ነፃ መሣሪያ በመሆኑ፣ ኮድ አይተው የማያውቁ ልጆች በቶሎ ይለምዱታል። እየሠሩ ወዲያው በስልክ ለመሞከር ግን በተለመደው መንገድ ስልኩና ኮምፒውተሩ በአንድ ኔትወርክ ላይ መሆን አለባቸው። ኮምፒውተሮቹ በገመድ ብቻ በሚገናኙበትና ስልክ በዋይፋይ ወደዚያው ኔትወርክ በማይገባበት የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ይህ ስለማይሆን፣ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ማያያዝና ለዚህ የሚያስፈልገውን ሶፍትዌር በየኮምፒውተሩ ላይ አስቀድሞ መጫን ያስፈልጋል።

ደካማ ሆኖ ያገኘሁት የገንዘቡን ክፍል ነው። ትልልቆቹ ተማሪዎች የንግድ ዕቅድ እንዲያቀርቡ ይጠየቃሉ፤ ነገር ግን ስለ ገቢ ምንጭ የሚሰጠው ማብራሪያ በካርድ መክፈልንና መተግበሪያ መግዛትን ለለመደ ገበያ የታሰበ ይመስላል። የእኛ ቡድን ጥያቄ ሌላ ነበር፤ መልእክቱ በተላከ ቁጥር ከላኪው ሂሳብ የሚቆረጠውን ገንዘብ ማን ይሸፍነው? ልጆቹ እድሩ ከወርኃዊ መዋጮው እንዲከፍል ሐሳብ አቅርበው ወደ እድሩ ዳኛ ሄዱ፤ እርሳቸውም ሐሳቡን ወደው «በወር ስንት ያስወጣል?» ሲሉ፣ ወጪውን ያሰላች ልጅ አልነበረችም። ለካስ ዕቅዱ ላይ ስለ ደንበኛ ብዙ ተጽፎ ስለ ወጪ አንድ መስመር አልነበረም። ስሌቱን ተመልሰው በሠሩበት ሳምንት፣ ከንግድ ዕቅዱ ምዕራፍ ሁሉ የበለጠ ተምረዋል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ አማካሪው ይህን ክፍል ከአገር ቤት በተወሰዱ ምሳሌዎች ራሱ ቢሞላው ይሻላል።

የውድድሩ ዳኞች በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ሲሆኑ፣ ነጥብ የሚሰጡበት መስፈርት ለተወዳዳሪዎች አስቀድሞ ይፋ መሆኑ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የቪዲዮውን ንግግር በእንግሊዝኛ ማቅረብ፣ በአማርኛ ሰውን የሚያሳምኑ ልጆችን ሲያንተባትብ አይቻለሁ፤ ፈረቃ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ዳኛ ማስረዳቱም ከአጭሩ ቪዲዮ ላይ ጊዜ ይወስዳል።

ወንዶች ተማሪዎችንም ለማሠልጠን የሚፈልግ ትምህርት ቤት ሌላ አማራጭ መፈለግ ይኖርበታል። የሴቶች ክበብ ላለው ግን፣ ሰፈር ለሰፈር ለመዞር ጊዜ ያለው አንድ አማካሪ እስከተገኘ ድረስ፣ ያለማመንታት እመክረዋለሁ። የውድድሩ ሥራ ማስረከቢያ ብዙውን ጊዜ በፋሲካ ሰሞን ስለሚውል፣ ሰዎችን የመጠየቁ ሥራ ከገና በፊት ቢያልቅ ጥሩ ነው።