50 በ1830 ቤልት ግራይንደር በጅማ ጓሮ፦ ከክረምት መግቢያ እስከ ቡና ለቀማ

ግምገማው የሚመለከተው 50 ሚሊ ስፋትና 1830 ሚሊ ርዝመት ያለው ቤልት (የአሸዋ ወረቀት ቀበቶ) እያዞረ ብረት የሚሞርድ ግራይንደር ነው። ዲናሞው 1.5 ኪሎ ዋት፣ በደቂቃ 2800 ዙር ነው። ማርክ የለውም፤ ተፈታትቶ በካርቶን ከሚመጡት አንዱ ነው። ጅማ ውስጥ በአንድ የቤት ወርክሾፕ ከክረምት መግቢያ ጀምሮ የቡና ለቀማው እስኪያበቃ ድረስ ገጀራ፣ መጥረቢያና ማጭድ ሲሳልበት፣ ከባሌስትራ ቢላ ሲወጣበት፣ የብየዳ ጠርዝ ሲስተካከልበት ቆይቷል። ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ዋጋውን ያወጣል። የሥራውን ጥራት የሚወስኑት ግን መብራቱና ቤልቱ ናቸው፤ ለእነሱ በጀት ያልያዘ ሰው ባይገዛው ይሻለዋል።

ስለ አተካከሉ ብዙ የሚባል የለም። ቢያንስ 5 ሳንቲ ውፍረት ያለው የጣውላ ጠረጴዛ ወይም ከቱቦላሬ የተበየደ እግር፣ አራት 10 ሚሊ ብሎን፣ ከሥር ጎማ። ቤልቱ የሚሞርድበት ቦታ ከክርን ትይዩ ይሁን፤ ዝቅ ካለ ወገብ ይይዛል፣ የስለቱ ማዕዘንም ይዛባል።

ኤሌክትሪኩ ግን ረጋ ብሎ መታየት አለበት። ዲናሞው ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ አብዛኛው የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ደግሞ ነጠላ ፌዝ ነው። ስለዚህ መሐል ላይ ቪኤፍዲ የሚባለው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ይገባል፤ 220 ነጠላ ፌዝ ተቀብሎ 220 ሦስት ፌዝ ይሰጣል። አሁን የዲናሞውን ታርጋ አንብቡ፦ 220/380 ቮልት፣ 5.9/3.4 አምፔር ይላል። ሲመጣ የታሰረው ስታር በሚባለው አስተሳሰር ለ380 ነው፤ ቪኤፍዲው የሚሰጠው ግን 220 ስለሆነ ወደ ዴልታ መቀየር አለበት። የሽቦ ሳጥኑን ክዳን ስትከፍቱ በሁለት ረድፍ ስድስት ብሎኖች ታያላችሁ፤ በአንዱ ረድፍ ያሉት ሦስቱ በነሐስ ሳህን አግድም ተያይዘዋል። ሳህኖቹን ፈትታችሁ የላይኛውን ብሎን ከታችኛው ጋር ቁልቁል ሦስት ቦታ እሰሩ፤ ዴልታ ማለት ይህ ነው። ይህ ካልተደረገ ዲናሞው ባዶውን ሲዞር ምንም አይመስልም፤ ብረት ጫን ሲደረግበት ግን ይቆማል። «አቅሙ አንሷችሁ ነው» ብሎ ባለ 2.2 ኪሎ ዋት ሊሸጥላችሁ የሚሞክር ሻጭ ካጋጠማችሁ በቅድሚያ ይህን ክዳን ክፈቱ።

ቪኤፍዲው ላይ የሚሞላው አምፔር የዴልታው ነው፤ እዚህ 5.9። መነሻው 3 ሰከንድ፣ ማቆሚያው ከ6 እስከ 8 ሰከንድ ይበቃዋል። ማቆሚያውን ካሳጠራችሁት የሚሽከረከረው ጎማ ኃይሉን ወደ ኋላ እየመለሰ የውስጡን ቮልቴጅ ያንረውና በስህተት ኮድ ያቆመዋል። በቪኤፍዲውና በዲናሞው መካከል ማብሪያ ማጥፊያ አታስገቡ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚሆነው ነው። ማሽኑ የሚነሳው በሚዞር ማብሪያ ከሆነና ማብሪያው እንደበራ ከተተወ፣ መብራቱ በተመለሰ ቅጽበት ቤልቱ ሰው በሌለበት ሊነሳ ይችላል፤ ወይም ደግሞ አንድ ሰው እጁን አስገብቶ ቤልት እየቀየረ ሳለ። መፍትሔው በሚዞረው ማብሪያ ፋንታ አረንጓዴ (ማስነሻ) እና ቀይ (ማቆሚያ) ተጫኝ ቁልፍ በሦስት ሽቦ ማሰር፣ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውንም ቅንብር መዝጋት ነው። ቤልት ሲቀየር ደግሞ ሶኬቱ ይነቀላል።

ምሽት ላይ ሌላ ጣጣ አለ። የሰፈሩ ምጣድ ሲጣድ መስመሩ ይወርዳል፤ አንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ማሽኑ ጭነት ላይ እያለ ሶኬቱ ላይ በሜትር ስትለኩ ከ180 ቮልት በታች ካነበባችሁ ቪኤፍዲው በየደቂቃው ቢያቆም አይግረማችሁ። ከብሬከሩ እስከ ማሽኑ ያለው ርቀት ከ15 ሜትር ካለፈ በ2.5 ፋንታ 4 ካሬ ሽቦ ዘርጉ፤ ከባዱን ሥራ ደግሞ ጠዋት ጨርሱ። ቪኤፍዲ በባሕርይው ትንሽ ኩረንት ወደ መሬት ስለሚያሳልፍ ወደ መሬት የሚያልፍ ኩረንት ሲያገኙ የሚቆርጡ አንዳንድ ብሬከሮችን ይጥላል። ያኔ የመሬት ሽቦውን ቆርጦ መገላገል የሚቀናው ኤሌክትሪሺያን አይጠፋም፤ አትፍቀዱለት።

የፍጥነት መቆጣጠሪያው ግን ከማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ በላይ ጠቅሟል። ቤልቱን የሚያዞረው መሪ ጎማ 125 ሚሊ ስለሆነ በ50 ኸርዝ ቤልቱ በሰከንድ 18 ሜትር ገደማ ይሮጣል። 36 ወይም 60 ቁጥር (ቁጥሩ ሲያንስ ይበልጥ ሻካራ ነው) ሴራሚክ ቅንጣት ያለው ቤልት የሚወደው ይህንን ነው፤ ባሌስትራን እንደ ልብ ይበላል። የተሠራና ሙቀት የተሰጠው ስለት ላይ ግን በዚሁ ፍጥነት መሥራት ማበላሸት ነው። በ20 ኸርዝ ወደ 7 ሜትር ይወርዳል፤ ገጀራ ለመሳል 120 ቁጥር በዚህ ፍጥነት ይበቃል። ከዚያ በታች ረዘም ላለ ጊዜ አታሠሩት፤ ማራገቢያው ከዲናሞው ጋር አብሮ ስለሚቀዘቅዝ ዲናሞው ይግላል።

የሚሳለው ብረት ጓንት ሳይደረግ፣ ከስለቱ አጠገብ በባዶ ጣት ተይዞ፣ በእያንዳንዱ ምልልስ ውሃ ይነከራል። ጣት ያልቻለውን ሙቀት ስለቱም አይችለውም። ጠርዙ ወደ ገለባ ቀለም ሲሄድ 220 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፤ ሰማያዊ ከሆነ 300 አካባቢ ነው፣ ያ ቦታ ለስልሷል። ቀለሙን አጥቦ ማስለቀቅ ጥንካሬውን አይመልሰውም፤ እስከዚያ ድረስ ሞርዶ መጣል ብቻ ነው ያለው።

አሁን ወደ ድክመቱ። የቤልቱን መስመር የሚያስተካክለው የላይኛው ጎማ ማጠፊያ ከመጀመሪያውም ልቅ ነበር፤ ብረት ሲጫን ቤልቱ 3 እና 4 ሚሊ ወደ ጎን ይሸሻል። ብሎኑን በራሱ የማይፈታ ዳዶና በሁለት ቀጭን ሮንዴላ መቀየር አስተካክሎታል። ከአነስተኛ ጎማዎቹ አንዱ ክቡ ልክ ስላልነበረ ማሽኑን ሁሉ ያንቀጠቅጥ ነበር፤ ቶርኖ ቤት ፊቱን አስላጭቶ መሐሉን በትንሹ ማስጎበጥ አስፈልጓል። መሐሉ ጎበጥ ያላለ ጎማ ላይ ቤልት መስመሩን አይዝም። ኩሽኔታዎቹ 6202 ናቸው፤ ሲቀየሩ በሁለቱም በኩል የጎማ ክዳን ያላቸውን ጠይቁ፣ የብረት ክዳን ያለው የሞረድ ብናኝ ያስገባል። ከቤልቱ ጀርባ ያለው ደጋፊ ጠፍጣፋ ብረትም ለስላሳ ስለሆነ መሐሉ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ የጎደጎደ ደጋፊ ላይ ቀጥ ያለ ስለት አይወጣም። ሙቀት የሚችል የሴራሚክ መስታወት በኢፖክሲ መለጠፍ ነው የሚመከረው፤ እስኪገኝ ድረስ የጠነከረና ፊቱ የተስተካከለ የባሌስትራ ቁራጭ ይሠራል።

የጅማ ዝናብ የሚጎዳው ማሽኑን ሳይሆን ቤልቱን ነው። ጨርቁ እርጥበት ሲጠጣ ይጠማዘዛል፣ መገጣጠሚያውም ይለቃል፤ ሩጫ ላይ ሲበጠስ ፊት ላይ ይገርፋል። ሚስማር ላይ የተሰቀለ ቤልት ይታጠፋል፣ በታጠፈበትም ይሰነጠቃል። ወፍራም የፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ ላይ ተሰቅሎ፣ ከቆርቆሮ ግድግዳ ርቆ፣ ክዳን ባለው ሣጥን ይቀመጥ። ይህ መጠን ጅማ ውስጥ እንደ ልብ ስለማይገኝ ከአዲስ አበባ ብዙ አምጥቶ ማከማቸት ያጓጓል፤ መገጣጠሚያው ግን ተቀምጦም ያረጃልና ክረምቱን ለማሳለፍ የሚበቃ ብቻ ያዙ። ሴራሚኩ «አልቆረጥ አለ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ስላለቀ አይደለም። ለስለስ ተደርጎ ሲጫን ቅንጣቱ አይሰበርም፤ ያብለጨልጭና ይንሸራተታል። ጫን አድርጎ በቀጭን የብረት ጠርዝ ማስነሳት ይመልሰዋል።

ብናኙ ላይ ቀልድ የለም። የብረት ብናኝ ቪኤፍዲ ውስጥ ከገባ ሾርት ያደርገዋል፤ ቪኤፍዲው የታሸገ ሣጥን ውስጥ፣ ከፍንጣሪው በተቃራኒ ወገን ይቀመጥ። ከቤልቱ ሥር ውሃ የያዘ ባልዲ፣ ፊት ላይ መነጽርና ኤን95 ጭምብል። የእንጨት እጀታ በዚሁ ማሽን ከተሞረደ መጀመሪያ የብረቱ ብናኝ ተጠርጎ ይውጣ፤ ዱቄቱ ላይ አንድ ፍንጣሪ ከወደቀ ሳይታይ ሲጨስ ያመሻል። አሉሚኒየም ደግሞ ጨርሶ እዚህ አይቅረብ፤ ዱቄቱ ከብረት ዝገት ጋር ተቀላቅሎ ፍንጣሪ ካገኘው እሳቱ በውሃ የሚጠፋ ዓይነት አይደለም።

አብሮ የመጣው ማዕዘን መያዣ ለገጀራ ጠመዝማዛ ስለት አይሆንም፤ ብርም አያወጣም። ትንንሽ ጎማዎቹም ለቢላ እጀታ ጉርብጥ ካልሆነ ሥራ የላቸውም። በእነሱ ፋንታ ሁለት ትርፍ ኩሽኔታና አሥር ባለ 60 ቁጥር ቤልት ግዙ።